ለማን ነው?

ወረኢሉ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ዕቃ መግዛት ማለት መጀመሪያ ቃል መስጠት ማለት ነው፤ ያው ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጠው ዓይነት ቃል።

ልጅ ሆኜ እናቴ የባትሪ ድንጋይ ግዛ ብላ ስትልከኝ ሐጂ ሱቅ እሮጣለሁ። በጭብጤ ላብ የራሰውን ብር ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ «አራት ድንጋይ» እላለሁ። ሐጂ ብሩን አያዩትም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው እኔን ያዩኛል።

«ለማን ነው?»

«ለእማዬ።»

«ለባትሪ ነው ለራዲዮ?»

«ለሁለቱም።»

«የባትሪው አሮጌዎቹ የት አሉ?»

ጥለናቸዋል ያልኩ ዕለት ጉድ ፈላ። ለባትሪ የደከመ ድንጋይ ራዲዮ ለማናገር ገና ጉልበት አለው፤ ይህን የማያውቅ ቤት በሐጂ ዓይን የባከነ ቤት ነው። «ሂድና ከጣላችሁበት አንሱት። ፀሐይ ላይ አስጡና ራዲዮው ውስጥ ክተቱት። አዲሱን ለባትሪው ብቻ እሰጥሃለሁ» ይሉና የተረፈውን ብር ይመልሱልኛል። አራት ድንጋይ መሸጥ የሚችሉ ሰውዬ ሁለት ሸጠው ይሸኙኛል ማለት ነው።

እኔ ግን ውለታው አይታየኝም። ደሜ ይፈላል። ድንጋይ ልገዛ ሄድኩ እንጂ ልመረመር አልሄድኩ! ለማን ቢሆን ምን አገባቸው? አንድ ቀን ብሶቴን ለእናቴ ሳወራ፣ ከትምህርት ቤት የለቀምኳትን ተረት ጣል አደረግሁባት፤ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አልኳት። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞር አለችና «አፍህን ያዝ! እሳቸው የሚያውቁት ዕቃውን መሰለህ? ባለቤቱን ነው» አለችኝ።

ነገሩ የሐጂ ብቻ አመል አልነበረም። ገበያው ሁሉ ጠያቂ ነው። ቅቤ ተራ የሄደች ሴት «ቅቤ አለሽ?» ብትል «አለ» የሚል መልስ አታገኝም። «ለራስ ነው ለወጥ?» ትባላለች። ለራስ ከሆነ ለጋው ይወጣል፤ ለወጥ ከሆነ መካከለኛው፤ ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ጨልፋ የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸትታለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች። ሻጯም አብራት ትነቀንቃለች። ለብዙ ጊዜ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው መመካከር መሆኑ የገባኝ።

ጤፍም ያው ነው። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያለ የተደረደረው ጆንያ ለማያውቅ ሰው አራት ዋጋ ነው። ለሚያውቅ ሻጭ ግን አራት ዓይነት ቤት ነው። «ድግስ አለብህ?» ይልሃል። ድግስ ከሌለብህ ማኛውን በዓይንህ እንኳ አያሳይህም፤ ቤተሰብህን ከነቁጥሩ ያውቀዋላ! ጎረምሳ የበዛበት ቤት ማኛ መግዛት ገንዘብን እሳት ውስጥ መጨመር ነው ባይ ነው። ገበያችን ላይ ከስፍሩ በላይ እፍኝ ጨምሮ መስጠት ምርቃት ይባላል። ምክሩ ደግሞ የምርቃት ምርቃት ነው፤ ሳትለምነው ይጨመርልሃል። አንዳንዴም ሳትፈልገው።

ሳልፈልገው የተጨመረልኝን አንዱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ደመወዜን የበላሁት ሐምሌ ላይ ነው። ወረኢሉን የሚያውቅ ሰው ሐምሌ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ መሬቱ ዋልካ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ጭቃው እግርን አያቆሽሽም፣ ይውጣል። በዚህ ወር ነው እንግዲህ ነጭ ሸራ ጫማ ያማረኝ። ሐጂ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ አውርዱልኝ አልኩ።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ!» አልኩ፤ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ድምፄ ወፍሯል።

«በሐምሌ?» አሉና ጫማውን ሳያወርዱት ቀሩ። «መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠና ና። አስቀምጥልሃለሁ።»

በንዴት ወጥቼ ማዶ ካለው ሱቅ ተመሳሳዩን ገዛሁ። የዚያኛው ባለሱቅ ምንም አልጠየቀኝም፤ እንዴት ያለ ሥልጡን ሰው ነው ስል አመሰገንኩት። በአራተኛው ቀን የግራው ጫማ ከገበያው በታች ባለው መንገድ ላይ ቀረ። እግሬን አወጣሁ፣ ጫማው አልወጣም። አንድ እግሬን በካልሲ አድርጌ እያነከስኩ ሐጂ በር ላይ ደረስኩ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ሐጂ እግሬን አዩ፣ ወንበር ላይ ወጡ፣ ቦቲ ጫማ አወረዱ፣ ከባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ቁጥር 41። ቁጥሬን ነግሬያቸው አላውቅም።

ሐጂን ቅዱስ አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። ነጋዴ ነበሩ። የመምህራን ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን ከመምህራኑ ቀድመው ያውቃሉ። በወሩ መጨረሻ «ይሄ የቱርክ ነው፣ ልጅህ ይወርሰዋል» ብለው ያወረዱለትን ዕቃ ሰውዬው በወሩ አጋማሽ መጥቶ ሲጠይቃቸው «ምን ያደርግልሃል፣ ያገሩ ይበቃሃል» ይሉታል። ምክራቸው እንደ ጨረቃ በወር በወሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ከለጠፉበት ግድግዳ ሥር የዱቤ ደብተራቸው ነበር። ያቺ ደብተር የከተማው ምሥጢር ናት፤ ማን ሊድር እንደሆነ፣ ማን ልትወልድ እንደተቃረበች፣ የማን ልጅ ከአዲስ አበባ ብር መላክ እንዳቆመ እሷ ላይ ይነበባል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው «የትኛው ይሻለኛል?» ተብሎ ቢጠየቅ ከየት ተነስቶ እንደሚመልስ ይታያችኋል?

እናቴ ግን ይህን ሁሉ እንደ ቅንጦት ነው የምታየው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ የሚሰለፈው ሰው ምርጫ የሚባል ጣጣ አልነበረበትም ትላለች። ኩፖንህን ትይዛለህ፣ ትሰለፋለህ። የሱቁ ሠራተኛ የሙያ ዕውቀት በሁለት ቃል ያልቃል፤ «መጥቷል» እና «አልመጣም»። ስኳሩ አንድ ነው፣ ሳሙናው አንድ ነው። አሁን ድረስ የማንኛውንም ዱቄት ሳሙና ስም ኦሞ፣ የማንኛውንም የጥርስ ሳሙና ስም ኮልጌት ያደረገው አንደበታችን የዚያ የአንድ-ዓይነት ዘመን ልጅ ይመስለኛል። ዛሬ አንዲት ሴት ሱቅ ሄዳ «ኦሞ ስጠኝ» ስትል «የትኛውን ኦሞ?» ትባላለች። እሷም አትስቅ፣ ባለሱቁም አይስቅ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ብርድ ልብስ ነው።

እናቴ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ብላ በስልክ አማረረች። ወረኢሉ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ብርዱ የሚበረታበት እንጂ የሚቀርበት ዓመት የላትም። ቢሆንም እናት ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ባለ ብዙ ፎቅ መደብር ገባሁ።

በልጅነቴ የእኛ አገር ብርድ ልብስ ባና ነበር። በጎቻችን ጠጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ይሸለታል፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። ጥቁር ባና አለ፣ ግራጫ ባና አለ። ይህንንም ምርጫ ቢሆን ያደረገው በጉ ነው። ዝናብ የመታው ባና በጉ ራሱ ቤት የገባ ይመስል ይሸታል፤ ግን ከሥሩ የገባ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ይረሳል።

መደብሩ ውስጥ ብርድ ልብሱ እንደ ነዶ ከወለል እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሃያ ሰባት ዓይነት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አንበሳ የተሳለበት አለ፣ ነብር የተሳለበት አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ አንበሳና ፏፏቴ አብረው ያሉበትም አለ። ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ ደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ልጅ ቀረበኝ። ጨዋ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል።

«ይሄኛውና ይሄኛው ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይሄኛው ይወደዳል።»

«እሱን አየሁ። ለምን ይወደዳል?»

«ኦሪጅናል ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ኦሪጅናል ነው።»

«ለብርድ የትኛው ይሻላል?»

«ለብርድ ሁሉም አሪፍ ናቸው። የሚመችዎትን ይምረጡ» አለና በትሕትና ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ሄደ።

የሚመችዎትን ይምረጡ! ሰውን ብቻውን ትቶ ለመሄድ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ቃል አላውቅም። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የአድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ ከትቶ እንዲጠብቃቸው ነበር ያዘዙት። ቦታው አንድ፣ ወሩ አንድ። «ደሴም አለ፣ ደብረ ብርሃንም አለ፤ የሚመችህን ምረጥ» ቢሉት ኖሮ ያ ሠራዊት እስከ ዛሬ እየተመካከረ ነበር።

በልጁ አልፈርድም። ምናልባት ሰኞ ተቀጥሮ ይሆናል። ያሳዩት የዋጋ ማንበቢያውን ማሽንና የሌባ ካሜራውን ነው እንጂ ብርድ ልብሱን ገልጦ ያሳየው የለም። ስለዚህ ራሴ መግለጥ ጀመርኩ። የአንበሳውን ጥግ ገልብጬ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ አነበብኩ፤ 100% ፖሊስተር። ነብሩን ገለበጥኩ፤ 100% ፖሊስተር። ጽጌረዳው፣ ፏፏቴው፣ ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ የሚለያዩት በሥዕል ነው። በግና ሸማኔ የማያውቁ አንበሶች! ልጁ ከሩቅ ቆሞ በጥርጣሬ ያየኝ ጀመር። ሳልገዛ ወጣሁ።

ባዶ እጄን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ወዳጄ ያጫወተኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜንሎ ፓርክ ከተማ አንድ የምግብ መደብር ገብተው ማርማላታ ያስቀምሳሉ። አንዳንድ ጊዜ 24 ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜ 6 ዓይነት። 24ቱ ሲደረደር ከአላፊው 60 በመቶው ቆም ይላል፤ ከቆመው ግን የሚገዛው 3 በመቶው ነው። 6 ሲሆን የሚቆመው 40 በመቶ ነው፤ ከእሱ 30 በመቶው ይገዛል። ጥናቱ ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሲደግሙት አንዴ እንዲያ፣ አንዴ እንዲህ ሆኖባቸው ይከራከራሉ፤ ምሁራን ናቸውና።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ያስቀምሱ የነበሩት ሰዎች የጥናቱ ረዳቶች ነበሩ፤ የመደብሩን ሠራተኛ ልብስ ለብሰው ነው የቆሙት። የሻጭ ልብስ እንጂ የሻጭ ራስ የላቸውም ማለት ነው። ልክ እንደዚያ እንደ ብርድ ልብሱ ልጅ። እስቲ ከእነሱ ቦታ ሐጂን አቁሙልኝ! «ለማን ነው? ለልጆች? እናትየዋ ስኳር አለባት አላልሽም? እንግዲያው ይሄንና ይሄን ተያቸው። ዳቦ ላይ ነው ወይስ በማንኪያ ነው የሚበሉት?» 24ቱ ማርማላታ በአንድ ደቂቃ ሁለት ይሆኑ ነበር። ሴትየዋም አንዱን ይዛ፣ እየተናደደች ትወጣ ነበር።

አማካሪም ሲበዛ ያው ማርማላታ ነው፤ ይህንንም አይቻለሁ። አጎቴ መካነ ሰላም ገበያ በቅሎ ሊገዛ ሦስት አዋቂዎች አስከትሎ ሄደ። በከብት ገበያ ሻጩ ቢያውቅም ዕውቀቱ ለራሱ ነው፤ ስለዚህ ገዢ የራሱን አዋቂ ይዞ ይወጣል። አንደኛው አዋቂ ጥርስ ነው የሚያየው። ሁለተኛው ኮቴ። ሦስተኛው ከሰጋር በታች በቅሎ አይቼ አላውቅም የሚል ሰው ነው፤ አረማመድ ካላየ አይናገርም። ጥርሷ የተወደደላት ኮቴዋ ይነቀፋል፤ ኮቴዋ ያማረላት አትሰግርም። ገበያው እስኪበተን ተከራከሩ። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ይባል የለ? አጎቴ ግን ከምራጭም አልወደቀም። ምራጮቹም ተሸጠው አለቁ። ከነአዋቂዎቹ በእግሩ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ የሦስቱንም ምሳ እሱ ከፈለ።

እኔም ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ጠዋት የማላስበውን አደረግሁ። ወረኢሉ ደወልኩ። ሐጂ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ነፍሳቸውን በጀነት ያኑራት። ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ናት፤ አብረን ነው ፊደል የቆጠርነው።

«አንድ ነገር ላማክርሽ» አልኳት። «ብርድ ልብስ ልገዛ ነበር፤ ብዛቱ ግራ አጋባኝ።»

«ለማን ነው?»

ከስልኩ ወዲያ መነጽር ወደ ግንባር ሲገፋ የሰማሁ መሰለኝ።

«ለእማዬ።»

«አልጋዋ ሜትር ከሃያ ነው» አለች። አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ። «ሥዕሉን ተወውና ኪሎውን ጠይቅ፤ ሙቀቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ግን ለእናትህ ስድስት ኪሎው አይሆንም፤ ትከሻዋን ያማታል። በዚያ ላይ ሌሊት ለኪዳን ስትነሳ እግሯን ይጠልፋታል። ቆይ፣ አምና የላክህላት ባለ ነብሩ የት ያለ ይመስልሃል?»

«አልጋዋ ላይ ነዋ።»

«እኔ ሱቅ ነው ያለው።»

ዝም አልኩ።

«ከነብር ጋር አልተኛም ብላ አምጥታ በጋቢና በሁለት ኪሎ ቡና ለውጣው ሄደች። ልጄ እንዳይሰማ ብላኝ ነበር፤ ወላሂ ዛሬ ስለጠየቅኸኝ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን አልተሸጠም?»

«ማን ይገዛዋል? ትናንትና አንዲት ልጅ ልትወስደው ነበር። ለማን ነው ስላት ለአራስ ቤት አለችኝ። ለአራስ ይሄ ይከብዳል ብዬ መለስኳት።»

የአባቷ ልጅ። ነብሩ እዚያ መደርደሪያ ላይ ያረጃል እንጂ ያለ ቦታው አይሄድም።

«እሺ፣ ምን ልላክላት?»

ቶሎ አልመለሰችም። ሐጂም እንዲህ ነበሩ፤ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ያስሱታል። እሷ ግን እናቴን ነበር የምታስሰው። «ብርዱ ሰበብ ነው» አለች በመጨረሻ። «ራዲዮዋ ዝም ካለ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ማታ ማታ ብቻዋን እየሆነች ነው። ትልቁ ድንጋይ እዚህ ጠፍቷል፣ የሚመጣልን ቀጭኑ ብቻ ነው። ድንጋይ ላክላት። አራት።»

በማግሥቱ መርካቶ ወረድኩ። ተራ በተራ የተከፋፈለ ገበያ ስለሆነ ጠይቆ የጠፋ የለም፤ «ምን አለሽ ተራ» የሚባል ሰፈር ያለበት አገር ጥያቄን እንደማይጠላ ከስሙ ያስታውቃል። መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ ቻርጀር፣ ሪሞት፣ የእጅ ባትሪ የዘረጋ ልጅ አገኘሁ።

«ትልቁ ድንጋይ አለህ?»

«ስንት?»

«አራት።»

በጥቁር ፌስታል ቋጠረልኝ። ብሩን ሰጠሁት፣ የተረፈኝን ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ወደ ሌላ ገዢ ዞረ። እኔ አልሄድኩም። አንድ ደቂቃ ያህል ቆሜ ቆየሁ መሰለኝ፣ ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«መልስ ሰጥቼሃለሁ እኮ ጋሼ።»

«ለማን እንደሆነ አልጠየቅኸኝም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ፌስታሉን አየ፣ እንደገና እኔን።

«እኔ ምን አገባኝ ጋሼ?»